አንድ ከአስራ አንድ

የታሰርኩት ፕሮባብሊቲ እያስተማርኩ ነው። ሰሌዳው ላይ ሁለት ቀይና ሦስት ጥቁር ኳስ ያለበት ከረጢት ስዬ፣ ቀይ የመውጣት ዕድሉ ስንት እንደሆነ ተማሪዎቼን ጠይቄ ነበር። መልሱን ሳልሰማ ሁለት ሰዎች በር ላይ ቆመው ጠሩኝ። ለምን እንደሆነ እስካሁን የነገረኝ የለም።

የወሰዱኝ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ወዳለ የእህል መጋዘን ነው። መስኮት የለውም፤ የነቀዝ መድኃኒቱ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ክረምቱ እየገባ ስለነበር ብርዱ ከሲሚንቶው ይነሳል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ደግሞ አጠገብህ ያለውን ሰው አትሰማም። አስር ሰዎች ጆንያ ላይ ተቀምጠው አገኘሁ። አስራ አንደኛው እኔ ሆንኩ።

ቤተሰብ በር ድረስ እንዲመጣ ተፈቅዷል። ችግሩ፣ ጠዋት ጠዋት ወጥቶ ቤተሰቡን የሚያየው በቀን አንድ እስረኛ ብቻ ነው። ማን እንደሚወጣ መምረጡን ለእኛ ትተውታል። ሰዎቹ ነገሩን እንደ ቅርጫ በእጣ ያደርጉት ነበር። በአገራችን በሬ ታርዶ ሥጋው በየመደቡ ሲከፋፈል፣ እያንዳንዱ ባለድርሻ ጠጠርም ይሁን ስንጥር የራሱን ምልክት ይሰጣል፤ ሲሰበሰብ ያላየ ሰው ምልክቶቹን መደቦቹ ላይ ያስቀምጣል። ምልክትህ አንዴ ከወጣ ወጣ ነው፤ ሁለት መደብ የሚወስድ የለም። መጋዘኑ ውስጥም እንደዚሁ፣ የወጣለት ሰው ለሌሎቹ እስኪዳረስ ይጠብቃል።

ይህን ደንብ ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ገና በሁለተኛው ቀን ተነስቼ አስረዳኋቸው። ነገ ማን እንደሚፈታ፣ ማን እንደሚጨመር አይታወቅም፤ ዙሩ ሳይሞላ ልንበተን እንችላለን፤ ስለዚህ ሁሉም ምልክት በየጠዋቱ እጣ ወደምናወጣበት ቆብ ይመለስ፣ የሁሉም ሰው ዕድል በየቀኑ እኩል ይሁን አልኩ። አቧራው ላይ በጣቴ ክፍልፋይ ጽፌ አሳየሁ። የሒሳብ መምህር ሲናገር ሰው ይሸነፋል። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር፤ መታሰሬን ለጥቂት ጊዜ ረሳሁት።

ያልተስማሙት ከቁይ አካባቢ የመጡ አንድ ገበሬ ብቻ ናቸው። ስድሳውን ያለፉ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ የገቡት ከእኔ አንድ ቀን ቀድመው ነው። ምልክታቸው የተቋጠረ የጆንያ ክር ነበር። ወጥቶ የመጣና ያልወጣ እኩል ነው እንዴ ብለው ጠየቁ። ለእጣው እኩል ነው ብዬ ሳቅሁ።

ስድስት ቀን አለፈ። ለአንድ ነጋዴ ሁለት ጊዜ ወጣለት። ለእኔም ወጣልኝ። ለእሳቸው አልወጣም። በስድስተኛው ቀን አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

«ስድስት ቀን አለፈኝ። እንግዲህ ቀርቧል።»

«አይቀርብም አባቴ። እጣ ትናንት የሆነውን አያስታውስም። ነገም አንድ ከአስራ አንድ ነው።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

ከዚያ የራሳቸውን ውኃ ጠጥተው ጨረሱና የእኔን ጠየቁኝ። ይህን ሲያደርጉ ሳይ ሰንብቻለሁ፤ ልብ ያልኩት ግን ያን ጊዜ ነው። ምን ሆነዋል ብዬ ቀስ ብዬ ጠየቅኳቸው። ስኳር አለብኝ አሉኝ። ባለቤታቸው የኢንሱሊን መርፌውን ይዘው ዘመድ ቤት አርፈዋል፤ በየጠዋቱ በር ላይ ይቆማሉ። መርፌ ወደ ውስጥ አይገባም፤ መወጋት የሚቻለው እዚያው በር ላይ ነው። ለጠባቂው ቢናገሩ፣ እዚህ ያልታመመ ማን አለ ብሎ መለሳቸው። ለሰዎቹ ልንገራቸው፣ ተራቸውን ይለቁልዎታል አልኩ።

«እንዳታደርገው። ሁሉም ሰው በር ላይ የቆመለት አለው። ሰው የልጁን ዓይን ለእኔ ብሎ ሲተው ማየት አልፈልግም» አሉና በማርቆስ ታቦት አስማሉኝ።

ከዚያ በኋላ ማስላት የነበረብኝን አሰላሁ። በእሳቸው ደንብ ሄደን ቢሆን ስድስት ሰው ወጥቶ አምስት ይቀር ነበር፤ የነገው ዕድላቸው አንድ ከአምስት። ቀርቧል ያሉት ባደጉበት ደንብ ቆጥረው ነው፤ በዚያ ደንብ ደግሞ ልክ ነበሩ። ደንቡን አፍርሼ ስሌታቸውን አረምኩላቸው። ራሴን ጠላሁት።

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌውን ሽንት ቤት ሲወስዷቸው መሐላዬን አፈረስኩ። ለዘጠኙም ነገርኳቸው። ያን ዕለት ሚስቱ አዲስ የተወለደች ልጁን ልታሳየው የምትመጣው ያ ነጋዴ፣ የራሱን ምልክት ትቶ ከጆንያው ላይ ክር መዝዞ እንደ እሳቸው ቋጠረ። ሌሎቻችንም ቋጠርን። ሲመለሱ የራሳቸውን ክር ከአስሩ ላይ ጨመሩ።

የወጣው የተቋጠረ ክር ነበር። ክሩን ረጅም ጊዜ አዩትና ወደ እኔ ዞሩ።

«አየህ መምህር? ያስታውሳል።»

የተማሪ የመደመር ምልክት ጎደለ ብዬ ማርክ የምቀንስ ሰው ነኝ። «አዎ አባቴ፤ ተሳስቻለሁ» አልኩ።

ጋቢያቸውን አስተካክለው ወጡ። ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ። ባለቤታቸው ስድስት ጠዋት ቆመው ስንቃቸው ስላለቀ፣ በዋዜማው ወደ ቁይ ወርደዋል። ነገ ከነገ ወዲያ ይመለሳሉ አሏቸው በር ላይ የቆሙት ሰዎች። መርፌውም አብሯቸው ሄዷል።

በማግስቱ ሁላችንም ክር ቋጥረን ጠበቅን። ቆቡ እሳቸው ጋ ሲደርስ በእጃቸው ገፉት።

«እኔ ደርሶኛል። ያልደረሳቸው ያውጡ።»

ለመንናቸው። የአሁኑ ደንብ ሁሉም እንዲያወጣ ያዛል አልኩ፣ ያንኑ ደንቤን ይዤ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለት መደብ የሚወስድ ሰው አልነበሩም። ያታለልናቸው መሆኑን ልንገራቸው ወይስ ልተው እያልኩ ሳለ ቆቡ አለፋቸው። ነጋዴው ክሩን ፈትቶ የድሮ ምልክቱን ጨመረ፤ ሌሎቹም እንደዚያው። እኩለ ቀን ላይ ሽማግሌው መነሳት አቃታቸው። ጠባቂዎች በጆንያ ተሸክመው አወጧቸው። ወደ ሆስፒታል ነው አሉ፤ ከዚያ በኋላ ምንም አልሰማንም።

አሁን ወደ ክፍሌ ተመልሻለሁ። ያንኑ ከረጢት እስላለሁ፤ ኳሱ ወጥቶ ይመለሳል ወይስ አይመለስም የሚለውን ከድሮው ረዘም አድርጌ አስተምራለሁ። ቁይ ገበያ ሄጄ ሁለት ሰው ጠይቄያለሁ። አንዱ አርፈዋል አለኝ። ሌላው ባለፈው መስከረም ማሳቸው ላይ አይቻቸዋለሁ አለኝ። ሦስተኛ ሰው አልጠየቅኩም።