ጎሚስታ ማለት

ማክሰኞ ረፋድ፣ አራት ሰዓት ላይ ነው የጀመረው። እረፍት ነበር። ጎባ በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ሚኒ ሚዲያው ስለ ቃላት አመጣጥ የጻፍኩትን በድምፅ ማጉያ ሊያሰማ ነው። የምጽፈው እኔ ነኝ፤ የሚያነቡት ግን ሚኒ ሚዲያውን የሚመሩት አንጋፋ መምህር ናቸው። ማይክ ስይዝ ድምፄ ስለሚጠፋ እንዲያነቡልኝ የለመንኳቸው ራሴ ነኝ።

የዕለቱ ቃል «ጎሚስታ» ነበር። አባቴ ወደ ሮቤ በሚወስደው መንገድ ዳር ጎማ ይጠግናል። ቃሉን የመረጥኩት ለእሱ ብዬ ቢሆንም ለማንም አልተናገርኩም። ብዙ ለፍቼበታለሁ። ቃሉ የጣሊያን ነው፤ «ጎማ» በእነሱ ቋንቋ ላስቲክም ነው፣ ሙጫም ነው። መጨረሻ ላይ ያለው «ኢስታ» በዚያ ነገር የሚሠራውን ሰው ያመለክታል። ጣሊያኖች ከላቲን፣ ላቲኖች ከግሪክ፣ ግሪኮች ደግሞ ከጥንት ግብፆች እንደወሰዱት ይገመታል፤ ያኔ የግራር ሙጫ ማለት ነበር። በእኛም ቆላ፣ በብድሬ በኩል፣ ግራር ዛሬም ሙጫ ያወጣል ብዬ ጨረስኩ። «ይገመታል» የምትለዋን አስቤባት ነው ያስገባኋት።

መምህሩ ሁለት መስመር አነበቡና ቆም አሉ።

«ይህ ሁሉ ምን ያደርግላችኋል? ጎሚስታ በጣሊያንኛ ‹ትምህርት በቃኝ› ማለት ነው። የማያጠና ሁሉ ግራሶ ይጠብቀዋል።»

ግቢው በሳቅ ተሞላ።

መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ጠጋ ብዬ፣ «ጋሼ፣ እኔ እንደዚያ አልጻፍኩም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። የአንቺን ባነብላቸው ኖሮ ይተኙ ነበር። ሳቁ አይደል? ይልቅ ሻይሽ ሳይቀዘቅዝ ጠጪ።»

ጠጣሁ። ያበገነኝ ይኼ ነው፤ ቁጭ ብዬ ሻዩን መጠጣቴ።

አመሻሽ ላይ አባቴ ጋ ስደርስ፣ የውስጥ ጎማ ውሃ ውስጥ እየነከረ የሚያስተነፍሰውን ቀዳዳ ይፈልግ ነበር።

«ኢንተለ ኮ» አለኝ ቀና ሳይል፤ ልጄ ማለቱ ነው። «ተማሪዎችሽ ሲያልፉ ‹ትምህርት በቃኝ› እያሉ ጠሩኝ። ትርጉሙን ትምህርት ቤት ነው የሰማነው አሉ። እውነት ነው?»

«አይደለም፣ አባዬ።» የጻፍኩትን በሙሉ፣ እስከ ግራሩ ድረስ ነገርኩት።

«ታዲያ ይህን ለምን አልነገርሻቸውም?»

«ጽፌ ለሚያነቡት መምህር ሰጥቼ ነበር።»

«ጽፈሽማ ሰጥተሻል። የሰሙት ግን የሰውዬውን ነው።»

እጁን ጠረገና ወደ ጎማው ተመለሰ። ላጽናናው ብዬ የፈጠርኩት ሳይመስለው አልቀረም።

በማግስቱ ጠዋት በሰልፉ ላይ፣ መዝሙሩ እንዳለቀ ወደ መምህሩ ሄድኩ።

«ዛሬ እኔ ላንብበው።»

«አንቺ?» አሉና እየሳቁ ማይኩን ሰጡኝ።

ጉም ነበር፤ የኋለኞቹ ረድፎች አይታዩኝም። አነበብኩ። ስጨርስ ያልጻፍኩትን አከልኩበት፤ ትናንት መንገድ ዳር «ትምህርት በቃኝ» ያላችሁት ሰው አባቴ ነው አልኳቸው።

«ቲቸር፣ አይሰማም» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

ማይኩን ወደ አፌ አስጠጋሁና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።