የማትታቀፍ ዶሮ

ታናሽ እኅቴ በኩፍኝ ስትሞት ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። የተረፈችን አንዲት ገብስማ ዶሮዋ ናት። እናቴ የዚያችን ዶሮ ዘር ከጭልፊትም ከፈንግል በሽታም እያስጣለች ስንት ዓመት አቆየችው። የእኅቴን ስም አትጠራም፤ ዶሮዎቹን ግን «የልጄ» ትላቸዋለች። እኔ የግብርና ኮሌጅ ጨርሼ በኩልመስክ ከተማ በኩል የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ስሆን ከዘሩ አንዲት ገብስማ ብቻ ቀርታ ነበር።

ያን ጊዜ ፓኬጅ የሚባል፣ የተሻሻለ ዘርና እንስሳ ለገበሬው የማዳረስ ነገር ከእኛ ከልማት ሠራተኞች አፍ አይጠፋም። የፈረንጅ ዶሮ ውሰዱ ብንል የሚወስድ ጠፋ። «መጀመሪያ እናትሽ ቤት ትግባ» አሉኝ የመንደሩ ሴቶች። እልህ ያዘኝና በቅበላ ሳምንት አንዲት ነጭ ዶሮ ይዤ ቤት ሄድኩ።

«ገብስማዋን ለቅበላ እረጃት፤ ይቺ በየቀኑ ነው የምትጥል» አልኳት እናቴን።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ትታቀፋለች?»

መልሱን ፈተና ላይ ጽፌ ደፍኜበታለሁ። የታቀፈች ዶሮ መጣል ታቆማለች፤ ስለዚህ ብዙ እንቁላል የፈለጉ ሰዎች የማይታቀፉትን እየመረጡ፣ የእነዚያኑ ጫጩቶች እያረቡ፣ መታቀፍን ከዘሩ አጥፍተውታል። ይህን እያወቅሁ «ዶሮ አይደለች እንዴ፣ ምን ያቅታታል!» አልኳት።

ገብስማዋ ታረደች። የመጨረሻዎቹን አሥራ አንድ እንቁላሎቿን እናቴ ነጯ እንድትታቀፋቸው አስቀመጠች።

ለትንሣኤ ስመለስ ነጯ እንደ ጉድ ትጥላለች። በጾም የሚበላው ጠፍቶ ቤቱ እንቁላል በእንቁላል ሆኗል። የገብስማዋ እንቁላሎች ግን በእኅቴ ቀሚስ ተጠቅልለው ምድጃው ጥግ ነበሩ። እናቴ ጭድ ጎዝጉዛ፣ ቅርጫት ደፍታ ስትለምናት፣ ነጯ ተነሥታ ስትሄድባት ሁዳዴው አልቋል። ጎረቤቷ የምትታቀፍ ዶሮ ላውስሽ ብትላት እንኳ «ልጄ ትታቀፋለች ብላኛለች» ብላ መልሳታለች።

«ዘሯ ነው እማዬ» አልኳት። «እንዳትታቀፍ ተመርጣ የመጣች ናት።»

«ታውቂ ነበር?»

ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ቀሚሱን ፈትታ አጣጥፋ ደረቷ ላይ ያዘችው፤ እንቁላሎቹን ወደ እኔ ገፋ አደረገቻቸው።

«በይ አንች ቅበሪያት» አለችኝ። «እኔ አንድ ጊዜ ቀብሬያታለሁ።»