ዋጋዬ በር የያዘች ቀን

በግምጃ ቤት ከተማ ሰርግ ሲደገስ ዘፈን አውራጇ ዋጋዬ ናት። ሙሽራው ሚዜዎቹን አስከትሎ ሲመጣ የሙሽሪት ወገን ሴቶች ደጁን ይዘው በዘፈን ይገጥሙታል፤ የእሷ ድምፅ ካልላላ በሩ አይከፈትም። በ2008 ዓ.ም. ጥር ላይ የምትዳረው ደግሞ እንደ ልጇ ያሳደገቻት የእህቷ ልጅ ሜላት ነበረች። ሰርጉ ሳምንት ሲቀረው ዋጋዬ ተጋድሞ የበቀለባትን የመጨረሻ መንጋጋ ጥርስ እንጅባራ ሄዳ አስነቅላ ተመለሰች።

ጉንጯ አበጠ፤ መንጋጭላዋ እንደዛገ ማጠፊያ አልላወስ አለ። አፏ አንድ ጣት እንኳ በግድ ነው የሚያስገባው።

"እኔ ላውርድልሽ" አለቻት ጎረቤቷ ደብሪቱ፤ የዘወትር ተቀባይዋ ናት። "አንቺ ጓዳ ተቀምጠሽ አጥሚትሽን ጠጪ።"

"ሜላትን በዝምታ አልድራትም!" አለች ዋጋዬ፣ ጥርሷን እንደገጠመች።

"እንግዲያው አረቄ ያዢበት፣ ያደነዝዘዋል።"

"ሐኪሟ ቁስሉን ያስቆጣዋል ብላለች። ወዲያ በይልኝ!"

ጠዋት ማታ ለብ ባለ የጨው ውሃ ትጉመጠመጣለች፤ ጉንጯን ሞቅ ባለ ጨርቅ ትይዛለች። ከዚያ መስታወት ፊት ቆማ አፏን ሳታስገድድ ቀስ እያለች ትከፍታለች። እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል፤ እሷ ግን በአፍንጫዋ ታንጎራጉራለች፣ ዜማው መንገዱን እንዳይረሳ። በሰርጉ ዋዜማ ሁለት ጣት ገባ። ሦስተኛው እምቢ አለ።

"ይበቃኛል" አለች።

በማግስቱ ጉንጯን በነጠላ አስራ ደጁ ላይ ቆመች። አንደኛው ሚዜ ክንዴ ገና ሲያያት ሳቀ።

"እትዬ ዋጋዬ! አፍዎ ራሱ ተቆልፎ የለም እንዴ? ዞር ይበሉ፣ እንግባበት!"

ሴቶቹ ደብሪቱን አዩ። ደብሪቱ ከበሮውን እንዳቀፈች ዋጋዬን አየች። ዋጋዬ ነጠላውን ፈታች። ድምፁ እንደ ድሮው አልተወረወረም፤ ከደረቷ ተነስቶ፣ ዝቅ ብሎ፣ እንደ ዘንገና ሐይቅ ውሃ ጠልቆ መጣ፦

ጥርሴንማ ቢነቅሉት ድዴንም ቢሰፉት፣
ዜማዬን ከሆዴ የት ገብተው ሊያጠፉት!

ሴቶቹ በእልልታ ተቀበሏት። ክንዴ መልስ ሲፈልግ ሌላ ስንኝ ደረበችበት። መንጋጭላዋ እሳት ይተፋል፤ እሷ ትደርባለች። በመጨረሻ ክንዴ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ያዘ።

"በእመቤታችን፣ ያስገቡን!"

"አሁን ግባ" አለችው።

ሰው ሁሉ ሥጋውን ሲቆርጥ እሷ አጥሚቷን ይዛ ጥግ ተቀመጠች። ደብሪቱ የጨው ውሃ ይዛላት መጣች።

"ተጉመጥመጪ፣ አንቺ እልኸኛ። የመሸኛውን ዘፈን እንኳ እኔ ላውርደው።"

ዋጋዬ ውሃውን ተፋች። ሁለት ጣቷን ወደ አፏ ሰደደች። ገቡ።

"ተነሽ" አለቻት፣ "ከበሮሽን ያዢ።"