ጠፋ የተባለው የለበን ካዝና፦ ከጅማ እስከ ጪራ

ይህን ጉዞ ያደረግሁት በደርግ ጊዜ፣ ቡና በሚለቀምበት በኅዳር ወር ነው። ያኔ ጽፌ ለጋዜጣ ልኬው ቢሆን ጽሑፉ ሳይወጣ እኔ እስር ቤት በገባሁ ነበር። ማስታወሻ ደብተሩ ግን ዛሬም አለኝ። ጠርዙን ናፍታ ነክቶት ቢጫ ቢሆንም ይነበባል። ውለታ የዋሉልኝን ሰዎች ማመስገን ደግሞ መቼም ጊዜው አያልፍበትም።

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፤ ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ

ጉም፣ የዶሮ ጩኸት፣ ባዶ ጆንያ የተጫነበት አሮጌ የጭነት መኪና። ሾፌሩ ኤርጫፎ ይባላል፤ የሆሳዕና ሰው ነው፣ ጴንጤ። ድምፅ አውጥቶ መዘመር በሚያስጠይቅበት በዚያ ዘመን መዝሙሩን በአፍንጫው እያንጎራጎረ ነው የሚነዳው። ቢሮ ውስጥ ሰው ሲሰማ «ጓድ» ይለኛል፣ መኪናው ውስጥ ስንገባ «ጋሼ»።

እኔ በአንድ የቡና ድርጅት የዘበኞችን መሣሪያ መዝጋቢ ነበርኩ። ከዚያ በፊት አሥር ዓመት በጦሩ መሣሪያ ግምጃ ቤት ሠርቻለሁ። ስለ ካዝና፣ ማለትም ጥይት ተደርድሮ ተራውን ስለሚጠብቅበት የጠመንጃ ሆድ፣ ወሬ ከተነሳ ከእኔ በላይ ላሳር ባይ ነበርኩ።

ትናንት ከሰዓት ኤርጫፎ ቢሮ ገብቶ በሩን ገጠም አደረገና፣ «ጋሼ፣ የጪራው መጋዘን ዘበኛ አባ ዲማ፣ አጋሮ ላይ ከታሰሩ ሁለት ሳምንት ሆናቸው። የመሣሪያቸውን ካዝና ለሽፍታ ሸጡ ተብለው ነው» አለኝ።

«የያዙት ምንድን ነበር?»

«ያ ረጅሙ፣ የጥንቱ። ለበን የሚሉት።»

ለበን የሚነቀል ካዝና የለውም። የመመዝገቢያውን ፎርም ያወጣሁት ደግሞ ራሴ ነኝ። አንዱ ረድፍ ላይ «ካዝና፦ አለ/የለም» ብዬ ነበር፤ ያን ስጽፍ ሐሳቤ ሁሉ ክላሽ ላይ ነበር። የጪራው መዝጋቢ የሚታይ ካዝና ቢያጣ «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ፣ ጉዳዩን የያዘው የአጋሮ ኮሚቴ ደግሞ «የለም»ን «ተሸጧል» ብሎ አነበበው። ሐሙስ ጠዋት ጉዳዩ ወደ ላይ ይተላለፋል። በዚያ ዘመን ወደ ላይ የሄደ ሰው በየት በኩል እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም። የፎርም ስህተት ነው ብሎ አፍን መክፈትም «አሻጥር» የምትባለዋን ቃል በራስ ላይ መጥራት ነው። ለማንኛውም ጆንያው ላይ ቦርሳዬን ወርውሬ ገባሁ።

ሁለት ሰዓት፤ የአጋሮ መንገድ

ቀይ አፈር፣ ጠጠር፣ ከዋንዛና ከግራር ጥላ ሥር የቀላ ቡና። ቅርጫት ያዘሉ ሴቶች ዳር ይዘው ይሄዳሉ፣ ከየደጁ በተዘረጋው ሰሌን ላይ ቡናው ይሰጣል። ኤርጫፎ መንገዱ እንዲያጥርለት ወሬ ይፈልጋል። እኔም ጭንቀቴን ለመርሳት ስለማውቀው ነገር አወራለሁ።

«ለበን ስምንት ጥይት ይጎርሳል» አልኩት። «ከአፈሙዙ ሥር ባለው እንጨት ውስጥ ቱቦ አለ። ጥይቶቹ እዚያ ውስጥ እንደ ወፍጮ ቤት ወረፋ አንዱ ከሌላው ጀርባ ይሰለፋሉ። በጊዜው ዓለምን ያስደነቀ መሣሪያ ነው።»

«ምንሽርስ?»

«እሱ ከነቆርቆሮ ማቀፊያው ነው የሚውጠው። ጥይቱ ሲያልቅ ቆርቆሮው በሆዱ ቀዳዳ ይወድቃል። ሞዘር ደግሞ አምስቱን ግራና ቀኝ እያፈራረቀ ሆዱ ውስጥ ያስተኛቸዋል። ኤምዋን የመጨረሻዋን እንደተኮሰ ማቀፊያውን ሽቅብ ተፍቶ ቅጭል ይላል። ብሬን ካዝናውን ከላይ ነው የተሸከመው፤ ተኳሹ መሬት ላይ ልጥፍ ብሎ እንዲተኛ ነው። ካዝናው ፊቱን ስለሚጋርደው ማነጣጠሪያውን ወደ ግራ ገፉለት። ፔፔሻ ከበሮ አለው፣ ሰባ አንድ ጥይት። ውስጡ እንደ ሰዓት የሚጠመዘዝ ሞላ ነው።»

«ክላሽ ለምን ጎበጠ?»

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። «ጥይቱ ከኋላው ወፈር፣ ወደ ፊት ቀጠን ይላል። እንዲህ ያለውን ነገር ሠላሳ ጊዜ ብትደራርበው መጉበጡ አይቀርም። የሠሩት ሰዎች ከጥይቱ ጋር አልታገሉም፤ ካዝናውን አጎበጡለት።»

ኤርጫፎ አንድ ኩርባ ዞረ። ከዚያ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ «ታዲያ ጋሼ፣ እነሱ ለጥይት ብለው ብረት ካጎበጡ፣ እርስዎ ለሰው ብለው አንድ መስመር መጨመር አቃተዎት?» አለኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን በማባበል ቀኑን ያሳልፈው ነበርና ስለዚያ ንግግሩ አመሰግነዋለሁ።

አራት ሰዓት፤ አጋሮ

አጋሮ በመኸር ሰሞን ቡና ቡና ትሸታለች። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ትኩስ ፓስቲ፣ በዘንቢል የተቆለለ ሙዝ። ታሳሪ ለመጠየቅ አምስት ደቂቃ በአጥር በኩል ፈቀዱልን።

አባ ዲማ ረጅም ናቸው፣ ጢማቸው ነጭ፣ ኮፍያቸው ከመጠን በላይ ንጹሕ።

«አካም ጂርቱ፣ አባ ዲማ?» አላቸው ኤርጫፎ።

«ነጋ፣ ሰላም ነው፣ አልሀምዱሊላሂ። መንገዱ ደረቀላችሁ?» እስር ቤት ሆነው የሚጠይቁት ስለ እኛ መንገድ ነው።

ምን እንደተፈጠረ ጠየቅኋቸው። «ካዝናህ የት አለ አሉኝ። እንጨቱ ውስጥ ነው ብላቸው፣ ይቀልድብናል ብለው ተቆጡ። መሣሪያው ጪራ ተቆልፎበታል። በባዶ እጄ ምን ላሳያቸው?» አሉና እኔን አስተውለው አዩኝ። «አንተ ማን ነህ?»

«ከጅማ ነኝ፤ ነገ መሣሪያውን ይዘን እንመጣለን» አልኳቸው። ያሳሰርኩዎት እኔ ነኝ ለማለት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። እንደዚያ ቀን ራሴን ንቄው አላውቅም።

ዘጠኝ ሰዓት፤ ጪራ

መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሁለት ጊዜ ወርደን ድንጋይ ጎማው ሥር አነጠፍን። ጫካው ሁለቱንም ዳር ይዟል፤ ከዛፍ ዛፍ ቀፎ ተሰቅሏል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር በቅቤ የራሰ የገብስ ጩኮና የገራ ወረዳን ነጭ ማር አቀረቡልን። በአራተኛው ጉርሻ ላይ የመጣሁበትን ነገርኳቸው፤ ፎርሙን ያወጣሁት እኔ መሆኔንም ጭምር። ከአፌ ሲወጣ ቀለለኝ።

«ደብዳቤ ይዘሃል?» አሉኝ።

«አልያዝኩም።»

«መሣሪያ ያለ ደብዳቤ አይወጣም።» እጃቸውን ታጠቡ፣ አፋቸውን አበሱ። «እኔ ግን ለመውጣት ደብዳቤ አያሻኝም። መሣሪያውን ደግሞ እኔው ነኝ የምይዘው።»

ኤርጫፎ ነገ ቡና ጭኖ አጋሮ ማራገፍ አለበት። ከዚያ ወደ ጅማ መመለስ ሲገባው፣ ሽማግሌው ከተፈቱ እስከ ቤታቸው በራሱ የናፍታ ኩፖን እንደሚያደርሳቸው ተናገረ። ኩፖን በዚያን ጊዜ ከወርቅ እኩል ነበር። እሱ ግን ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው ነው የተናገረው።

ረቡዕ፣ ሦስት ሰዓት፤ አጋሮ

ጠባብ ክፍል፣ አረንጓዴ ቀለም፣ ረጅም ጠረጴዛ፤ አባ ዲማ ጥግ ላይ ቆመዋል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ክላሻቸውን ፊታቸው አስቀምጠዋል። ማስረዳት ስጀምር የጎበጠውን ካዝና በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «ካዝና ማለት ይሄ ነው። ሌላ ታሪክ አልፈልግም።»

ሊቀመንበሩ ለበኑን ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት፣ በጨርቅ የተቋጠሩ ስምንት ጥይቶችም አጠገቡ። እኔ ላሳይ ስል ሐሳቤን ለወጥኩ። የተከሰሱት አባ ዲማ ናቸው፤ ማሳየት ያለባቸውም እሳቸው። «ፍቀዱላቸው» አልኩ። ሰብሳቢው ጥቂት አመነቱና አንድ ታጣቂ አጠገባቸው አቁመው ፈቀዱ።

አባ ዲማ አፈሙዙን ወደ ግድግዳው አዞሩ። መዝጊያውን ወደ ኋላ ሳቡ፣ የመጀመሪያዋን ጥይት በአውራ ጣታቸው ወደ እንጨቱ ውስጥ ገፏት። ገባችና ከዓይን ጠፋች። «ቶኮ» ብለው በኦሮምኛ መቁጠር ጀመሩ። «ለማ። ሰዲ።» «ሰዴት» ሲሉ ስምንቱም ገብተዋል፤ ከውጭ የሚታይ አንዳች ነገር የለም። ከዚያ አንድ በአንድ አውጥተው ሰብሳቢው ፊት ደረደሯቸው።

ሰብሳቢው መሣሪያውን አንስተው ገለባበጡት። ንዴታቸው ማረፊያ አጣና ወደ ወረቀቱ ዞረ። «ይህን ፎርም ያወጣው ማን ነው? ይሄ እኮ አሻጥር ነው።»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

አባ ዲማ ይህን የሰሙት ያን ጊዜ ነው። ዞረው አዩኝ። ነፍሴ በአንዲት ቃላቸው ላይ ተንጠልጥላ ነበር።

«ጓድ ሰብሳቢ» አሉ፣ «ይሄ ሰው ጥፋቱን ማንም ሳይጠራው ይዞ መጣ። እሱን ካሰራችሁት፣ ነገ የተሳሳተ ሰው ወዴት ይመጣል? እኔ ሁለት ሳምንት ታስሬያለሁ፤ ለአንድ ወረቀት ይበቃል።»

ሰብሳቢው ብዕራቸውን ሲያሽከረክሩ ቆዩ። ኋላ «የለም» የሚለውን ሰርዘው አባ ዲማ እንዲፈቱ ፈረሙ። ፎርሙን አስተካክዬ እንድልክ አዘዙኝ። ስንወጣ ኤርጫፎ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ሦስታችንን አይቶ መዝሙሩን ድምፅ አውጥቶ ጀመረ፣ ከዚያ የት እንዳለ ትዝ ብሎት አፉን ያዘ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፤ የጪራ ገበያ

የአባ ዲማን ጉልበት ልስም ጎንበስ ስል ክንዴን ይዘው ከለከሉኝ፤ በመንገድ ላይ ግን ብዙም አላወሩም። ከተማው ሲታይ ኤርጫፎን ከገበያው ወዲህ እንዲያቆም ለመኑት።

«እስከ ቤትዎ ላድርስዎ እንጂ» አላቸው።

«ሲወስዱኝ እጄን ታስሬ በዚህ ገበያ መካከል ነው ያለፍኩት። በመኪና ገብቼ ቤቴ ብወርድ ማን ያየኛል?» ብለው ወረዱና እጄን ያዙ። እንደ ልጅ እጅ፣ ጣት በጣት።

ሊቀመንበሩ ከኋላዬ ሆነው በጆሮዬ ነገሩኝ፦ የተበደለ ሽማግሌ የበደለውን እጅ ይዞ በሰው ፊት ከሄደ ነገሩ አበቃ፤ ከዚያ ወዲያ ያንን ያነሳ ሰው ነውረኛ እሱ ነው።

ገበያው ሙሉ ነበር። በርበሬ፣ ዝንጅብል፣ አሞሌ፣ የታሰረ ዶሮ። ሰው ሁሉ ቀና አለ። አንዲት ጨው ሻጭ ተነስታ አላህን አመሰገነችና የእሳቸውን እጅ ሳመች፤ ከዚያ እኔን ከላይ እስከ ታች አይታ ማን እንደሆንኩ ጠየቀቻቸው። እውነቱን ቢናገሩ መብታቸው ነበር።

«ኬሱማ ኮቲ» አሉ፤ እንግዳዬ ነው። «ዛሬ እኔ ቤት ነው የሚያድረው።»

አንገቴን ደፍቼ አለቀስኩ። እሳቸው እጄን አልለቀቁም። ሰላም ባዩ ብዙ ነበርና ያን ትንሽ ገበያ ለማቋረጥ አንድ ሰዓት ፈጀብን፤ በእያንዳንዱ ሰላምታ ላይ እንግዳቸው መሆኔን ደግመው ተናገሩ።