የአራተኛ ፎቅ የይለፍ ቃል

እኔ ደብዳቤ አመላላሽ በነበርኩበት መሥሪያ ቤት አንድ የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ ነበር። ዋናው የይለፍ ቃል በእሱ እጅ ብቻ ስለነበረ ሁላችንም «ይለፍ» እንለው ነበር። ሚስቱ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ ልጆቹም አግብተው ወጥተዋል። ቀኝ ጉልበቱ ይጠዘጥዘው ነበር፤ አንድም ቀን ግን «አመመኝ» ሲል አልሰማሁትም።

አራተኛ ፎቅ ላይ መዝገብ ቤቱ አለ። የመዝገብ ቤቷ ሴት ጠዋት ፕሮግራሟን ስትከፍት ማሽኑ የአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚጠይቅ ሳጥን መስኮቱ ላይ ሳይሆን እስክሪኑ ላይ ይደቅንባታል። ስልክ ታነሣለች። ይለፍ ኮሌታውን አስተካክሎ ሰማንያ ሁለቱን ደረጃ ይወጣል። ሊፍት አልነበረንም።

«እንደምን አደሩ እህቴ?»

«ይመስገን ወንድሜ። ይኸው ዛሬም ማን ነሽ ይለኛል!»

«አሁንም አላወቀዎትም?»

«ዐሥራ ሰባት ዓመት ተቀምጬ! ወንበሩ እንኳ ያውቀኛል።»

የይለፍ ቃሉን እንዳታይ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። እሱ ዐሥራ አራቱን ፊደል በሁለት ጣቱ ቀስ ብሎ ይጽፋል፤ አመስግናው ይወርዳል። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። የይለፍ ቀን ግን ያቺው ሁለት ደቂቃ ነበረች።

መድኃኒቱን ያውቀው ነበር። ፕሮግራሙ የዕለቱን ሥራ የሚያስቀምጠው ተራ ሠራተኛ እንዳይጽፍበት በተዘጋ ፎልደር ውስጥ ነው። በዚያ ፎልደር ብቻ ለመዝገብ ቤቱ የመጻፍ መብት ቢሰጥ ሳጥኑ ዳግመኛ አይመጣም፤ ዋናውንም የይለፍ ቃል ለማንም ማስረከብ አያስፈልግም። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። በሥራው ቀልዶ የማያውቅ ሰው፣ ይህችን ነገር ነገ ከነገ ወዲያ እያለ ዓመት ከመንፈቅ አቆያት።

አንድ ቀን አለቃው አስጠራውና ደብዳቤ ዘረጋለት። ያደረስኩት እኔ ነኝ። «ወንድማችን በታመመ ጉልበቱ በየቀኑ አራት ፎቅ ይወጣል፤ እባክዎ አንድ መላ ይፈለግለት» ይላል። ፊርማው የእሷ ነው።

«ይቻላል?» አለ አለቃው።

ይለፍ ወረቀቱን ደግሞ አነበበው። «ይቻላል» አለ።

ወዲያው አራተኛ ፎቅ ወጣ። እሷ እንደ ልማዷ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ እሱም ሠራ። «አሁን ዘግተው ይክፈቱት» አላት። ተከፈተ፤ ምንም አልጠየቃትም። እንደ ልጅ አጨበጨበች።

«ተገላገሉ! ከእንግዲህ አያስቸግርዎትም።»

«አስቸግሮኝ አያውቅም።»

«አይ የእርስዎ ነገር! ደከመኝ ማለት አይችሉበትም እንዴ?»

መምጣቱን ወዶት እንደነበር ሊነግራት ቃጥቶት ነበር፤ ኋላ የነገረኝ እሱው ነው። «ሌላ ብልሽት ካለ ይደውሉ» ብሏት ወረደ።

አልደወለችም። ምን ብላ ትደውል? ሥራውን አጥብቆ ሠርቶታል። ጠዋት ጠዋት ስልኩ ሲጮህ ቀድሞ የሚያነሣው እሱ ነበር፤ አንድ ጊዜ ከሁለተኛ ፎቅ፣ ሌላ ጊዜ ከዘበኛው። ኮሌታውን ግን ማስተካከል አልተወም።

ወራት አልፈው አንድ ጠዋት፣ ማንም ሳይጠራው፣ መፍቻ ይዞ ደረጃውን ሲወጣ አየሁት። ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ።

«ምነው፣ አጣሃት?» አልኩት።

«አለች። አቀርቅራ ትሠራለች፤ ማሽኑም ደህና ነው» አለኝና መፍቻውን ወደ መሣሪያ ሣጥኑ መለሰ።