ጠግቦም የሚርበው ሆዴ

የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ማንበብም ሽመናም የተማርኩ ሰው ነኝ። ከዶርዜ ወርጄ አርባ ምንጭ ላይ ቤት ስሠራ፣ እግሬን ከትቼ የምሸምንበትን ጉድጓድ ለክቼ የቆፈርኩትም ራሴ ነኝ። ሥራ ከጀመርኩ አልነሳም። ምግቤ እዚያው ይመጣልኛል፤ ቆጮ በሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ፣ ከላንቴ የመጣ ሙዝ፣ በገበያ ቀን ደግሞ ሥጋ። እጎርሳለሁ፣ መወርወሪያዬን እወረውራለሁ፣ እንደገና እጎርሳለሁ። የእኔን ያህል ጥለት የሚያሳምር ሸማኔ በከተማው አለ የሚል ካለ ይምጣና አጠገቤ ይቀመጥ።

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ልነሳ ብል እምቢ አለኝ። ሆዴ ሸማው የሚጠቀለልበትን እንጨት ተደግፎ ጉድጓዱን ሞልቶታል፤ ጉልበቶቼም አብጠዋል። ባለቤቴን ተጣራሁ። መጥታ አየችኝና ሳቀች።

«አንተ ሰውዬ፣ ጉድጓዱን የለካኸው አንተ ነህ። አወጣጡንም አንተው ንገረኛ!»

ጎረቤታችን ተጠርቶ በብብቴ ገብቶ ጎተተኝ። «ጋሼ፣ ከሸማው ጋር ነው እንዴ የምናወጣዎት?» አለ። እየሳቀ ጎትቶ አወጣኝ።

ጉልበቴን ልታከም ሐኪም ቤት ስሄድ ያየችኝ ከሰሜን የመጣች ወጣት ዶክተር ናት። የደም ውጤቴን ይዛ፣ «አባባ፣ ችግሩ ጉልበትዎ ብቻ አይደለም። የብግነት፣ ማለትም የሰውነት መቆጣት፣ ምልክቱ ከፍ ብሏል» አለችኝ።

«ትኩሳት የለኝም እኮ።»

«ይሄ ትኩሳት የለውም። ስቡ ነው ውስጥ ለውስጥ የሚያቀጣጥለው።» ከዚያ ስብ ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን እንደሚያመነጭ፣ ሌፕቲን ደግሞ ‹በቅቶኛል› እያለ ለአንጎል የሚናገር መሆኑን አስረዳችኝ። ስብ ሲበዛ እሱም ይበዛል አለች።

«እንግዲያው ከእኔ በላይ ጠጋቢ የለም ማለት ነዋ!» አልኳት ደረቴን ነፍቼ።

«አንጎልዎ አይሰማውም እንጂ። ብግነቱ መልእክቱን ያደናቅፈዋል፤ የበዛው ሌፕቲን ደግሞ ብግነቱን መልሶ ያባብሰዋል። አንዱ ሌላውን ይመግባል።»

«ብቀንስስ?»

«መቀነስ አለብዎት። መጀመሪያ ግን ረሃቡ ይብስብዎታል። ሌፕቲኑ ይወርዳል፣ ግሬሊን የሚባለው አስራቢው ሆርሞን ይነሳል። ሰውነትዎ የቀነሱትን ለማስመለስ ይታገልዎታል።»

ብበላ እሳቱ ይብሳል፤ ባልበላ ረሃቡ። ቤቴ ገብቼ በስልኬ አነበብኩት፤ ተማሪ ከሚረዳው በላይ ተረዳሁት፤ ለጎረቤቶቼም አስተማርኩ። መረዳቴ ግን በር አልከፈተልኝም። ሰው ከሚያስረው ሰው ጋር ይደራደራል፤ እኔን ያሰረኝ የገዛ ገላዬ ነው።

አካፋ አንስቼ ጉድጓዱን ላሰፋ ስል ባለቤቴ መጣች።

«አስፋው! ሆድህም ቦታ ተገኘ ብሎ ይከተልሃል። ከዛሬ ጀምሮ ምግብ እዚህ አይመጣም። የራበው ራሱ ተነስቶ ይመጣል።»

«ሸማኔ ባሏን አስራበች ይሉሻል።»

«ይበሉኛ! ጉድጓድ ውስጥ ሞተ ከሚሉኝ ይሻላል።»

በማግስቱ ቁርሴን በልቼ ብዙም ሳልቆይ ሆዴ መጮህ ጀመረ። ውሸቱን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አሁን በልቻለሁ። ግን እውቀት አያጠግብም። ድሩን አየዋለሁ፣ ቆጮ ይመስለኛል። እግሬ ከጉድጓዱ፣ ሐሳቤ ከማጀት፣ እንደዚያ እስከ ምሳ ሰዓት ሸመንኩ።

«ምሳ ቀርቧል!» አለች ከጓዳ። የዳጣው ሽታ ደረሰኝ። እጆቼን አፋፉ ላይ ተክዬ ገፋሁ፤ ተመልሼ ዘጭ አልኩ። እንደገና ገፋሁ፤ ጉልበቴ ነደደ። እሷ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ጎረቤቱን ልጥራው?»

«እንዳትጠሪ!»

ሸማው የሚጠቀለልበትን እንጨት ይዤ፣ እያቃሰትኩ፣ በአንድ ጉልበቴ ወጣሁ። በዚህ ዕድሜ ሌላ ሰው አይችለውም። ላቤን በጋቢዬ ጠርጌ ገበታው ጋ ደረስኩ። ሰሃኑ ላይ የወትሮዬ ግማሽ እንኳ አልነበረም።

«ይሄ ነው?» አልኳት።

«ይሄ ነው» አለችና አጠገቤ ተቀመጠች። በላሁት። ስጨርስ ከመጀመሬ በፊት ከነበረው ይልቅ ራበኝ፤ ተነስቼም ወደ ጉድጓዴ ተመለስኩ።