ያልሞከርናት ሰዓት

ጋሽ ጊልሱን፣ ጉንሳን ከተማ ወደቡ አጠገብ በነበረችው ትንሽ ቢሯችን፣ አስራ አንድ ዓመት ከእኔ ጎን ተቀምጦ ፕሮግራም ጽፏል። ሥራው ላይ ቀስ ይላል። አለቃችን "ኤሊው" ይለው ነበር፤ እሱ ስቆ ያልፈዋል።

አንድ የዶሮ መኖ ፋብሪካ ሥራ ሰጠን። ፋብሪካው መኖ የሚደባለቅበት ትልቅ ገንዳ አለው፤ ውስጡ ቢላ የመሰሉ ክንፎች ይሽከረከራሉ። መካኒክ ለጥገና ሲገባ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ይመዘግባል፤ ሞተሩ የሚዞርበት ሰዓትም እንዲሁ ይመዘገባል። የእኛ ፕሮግራም ሁለቱን ያነጻጽርና ከተደራረቡ ሞተሩ እንዳይነሳ ይከለክላል። ድሮ መካኒኩ ራሱ ማብሪያውን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ይከት ነበር፤ ፕሮግራሙ ከመጣ ወዲህ ያ ቀረ።

ሥራውን ሊያስረዳን ይመጣ የነበረው የፋብሪካው መካኒክ ዳልሆ ነው። ሆዱ ገፋ ያለ፣ ድምፁ ቤት የሚሞላ ሰው።

"ስማ ጊልሱን፣ እኔ ውስጥ እያለሁ ያ ነገር ከዞረ የዶሮ ቁርስ ሆንኩ ማለት ነው።"

"አንተን የበላች ዶሮማ በስብ ትሞታለች።"

"አፈር ብላ!" አለና ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ዓሣ ያጠምዱ ጀመር።

ጋሽ ጊልሱን ለፕሮግራሙ የሰጠው ትእዛዝ ይህ ነበር፦ ጥገናው የሚጀምርበት ወይም የሚያልቅበት ሰዓት ሞተሩ በሚዞርበት ጊዜ መሀል ከወደቀ፣ ከልክል። ሁለት መቶ ጊዜ ሞከረው፤ ሁሉንም አለፈ። አንዱ የጻፈውን ሌላው አንብቦ መፈረም ግዴታችን ስለነበር ለእኔ ሰጠኝ። ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር። ላይ ላዩን አየሁና "ንጹሕ ነው ጋሼ" ብዬ ፈረምኩ።

ሦስት ዓመት ያለ እንከን ሠራ። ሞተሩ ረጅም ሰዓት ይዞራል፣ ጥገናው ደግሞ አጭር ነበር። በአራተኛው ዓመት ፋብሪካው ገንዳውን ለማጽዳት ሃያ ደቂቃ ብቻ የሚዞር አጭር ዙር ጨመረ። አንድ ማክሰኞ ዳልሆ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ብሎ መዝግቦ ገንዳው ውስጥ ገባ። የማጽጃው ዙር ከአራት ሰዓት እስከ አራት ከሃያ ተመዘገበ። ጥገናው የጀመረው ከዙሩ በፊት፣ የሚያልቀው ከዙሩ በኋላ ነው፤ አንዱም መሀል አልወደቀም። ጥገናው ዙሩን ከዳር እስከ ዳር ውጦት ሳለ ፕሮግራሙ አይነካኩም አለ። የመቆጣጠሪያ ክፍሏ ሠራተኛ ሚየንጃ አረንጓዴ መብራት አይታ ሞተሩን አስነሳች።

የዳልሆ መርዶ አምስት ሰዓት ላይ ደረሰን። ጋሽ ጊልሱን የዳልሆንና የማጽጃውን ዙር ሰዓት ኮምፒውተሩ ላይ አስገባ። አረንጓዴ። ደግሞ አስገባ። አረንጓዴ።

አለቃችን በሩን ዘጋ። "ውሉ ሠራተኛዋ ደውላ ታረጋግጥ ይላል። ጥፋቱ የሷ ነው። አፍህን ያዝ።"

"ልጅቷ አረንጓዴ አየች እኮ። አረንጓዴውን ያሳየኋት እኔ ነኝ።"

"ስንት ቤተሰብ ነው ከዚህ ቢሮ የሚበላው፣ ጊልሱን!"

ጋሽ ጊልሱን ኮቱን አንስቶ ወጣ። በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ሁሉንም ተናገረ። "ሌላ ያየው ሰው አለ?" ብለው ሲጠይቁት "ማንም የለም" አለ። እኔ የፈረምኩበት ወረቀት ከቢሯችን አልወጣም ነበር። ሴት ልጄ ገና መወለዷ ነበር፤ ዝም ላልኩበት ምክንያት ብዬ የያዝኩት እሱን ነው።

ፍርድ ቤቱ በእሱም በሚየንጃም ላይ የሁለት ዓመት የገደብ እስራት ፈረደ። እሷ ከተማውን ለቃ ጠፋች። ቢሯችን ተዘጋ፤ አለቃችን በሌላ ስም ሌላ ከፈተ።

የዳልሆ ሚስት ዘንድ አብረን ሄድን፣ አንድ ሳጥን የፒር ፍሬ ይዘን። ከበሩ አላለፍንም።

"ማስተካከሉ ስንት ጊዜ ፈጀብህ?" አለችው።

"አንድ መስመር ነው፣ እትዬ። አራት ደቂቃ።"

"አራት ደቂቃ" አለች። "ሳጥናችሁን ይዛችሁ ሂዱ" ብላ በሩን ዘጋችው።

ጋሽ ጊልሱን ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። "አንዱ ሳያልቅ ሌላው ከጀመረ፣ ያኛውም ሳያልቅ ይሄኛው ከጀመረ፣ ተደራርበዋል። በቃ። ጀማሪ ተማሪ ያውቀዋል።"

"ጋሼ፣ እኔም እኮ ፈርሜያለሁ።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?"

"ዳልሆ ላይመለስ አንተን ልጨምር?"

የጋሽ ጊልሱን ሚስት ልጆቹን ይዛ ዴጉ ከተማ ወደ እናቷ ሄደች። እሱ አሁን ባሕሩ ዳር ለምግብ የሚሆን የባሕር አረም ያሰጣል፤ ጣቶቹ በጨው ተሰነጣጥቀዋል። ባለፈው መከር ሄጄ አገኘሁት። አረሙን ከመገልበጥ ቀና አላለም።

"ከእንግዲህ አትምጣ" አለኝ። "አንተን ባየሁ ቁጥር እንደ አዲስ መሞከር እጀምራለሁ። ሁለት መቶውን ሁሉ አንድ በአንድ።"

አንድ ቀን እኔም መፈረሜን ልናገር ብዬ እስከ ፖሊስ ጣቢያው በር ደርሼ ነበር። ዘበኛው "ምን ፈለጉ?" ሲለኝ መንገድ የጠፋብኝ መስዬ ተመለስኩ።